ምጥን ሳይፈሩ መጠበቅ፦ ሂፕኖበርዚንግ ምን ይሰጣል? ምን አይሰጥም?

ነፍሰ ጡር ሴት ስልኳን ከፍታ ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ ስለ ምጥ ብትፈልግ ሁለት ዓይነት ቪዲዮ ይመጣላታል። በአንደኛው ሴትየዋ ትጮኻለች፣ ሰው ይሯሯጣል። በሌላኛው መብራቱ ደብዘዝ ብሏል፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይሰማል፣ ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ትተነፍሳለች። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ደረቷ ላይ ነው። ሁለተኛው ቪዲዮ ሥር ብዙ ጊዜ አንድ ስም ተጽፎ ይገኛል፦ ሂፕኖበርዚንግ። አስተያየቶቹን ዝቅ ብሎ ለሚያነብ ደግሞ «ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ እስቲ እኛ ጋ መጥታ ትውለድ» የሚል አይጠፋም።

የኔን አቋም ቀድሜ ልናገር። ሂፕኖበርዚንግ ምጥን ከሕመም ነፃ አያደርግም። «ምንም አይሰማሽም» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመሽ እለፊው። ፍርሃትን ግን ይቀንሳል። የፍርሃት መቀነስ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ የኛ አገር ሴት የምጥ ፍርሃት ከሁለት ቦታ የሚመጣ መሆኑ ነው። አንደኛውን ትንፋሽና ልምምድ ያበርደዋል። ሁለተኛው ግን ሌላ መፍትሔ ነው የሚፈልገው። ቪዲዮዎቹ የማያሳዩት ይህንን ነው።

ምንድን ነው የሚያስተምሩት?

ሂፕኖበርዚንግ ማለት በሂፕኖሲስ ታግዞ መውለድ ነው። ሂፕኖሲስ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው መድረክ ላይ ሰዓት እያወዛወዘ ሰውን የሚያስተኛ ሰውዬ ነው። ይህኛው ከዚያ ጋር አይገናኝም። ሴትየዋ አትተኛም፣ ራሷንም አትስትም። የሚባለውን ትሰማለች፣ ሲጠይቋት ትመልሳለች፣ ሽንቷ ሲመጣ ተነስታ ትሄዳለች። ጥሩ ልብ ወለድ ይዞ ቁጭ ያለ ሰው ስሙ ሲጠራ የማይሰማበት ጊዜ አለ አይደል? ያ ዓይነት መመሰጥ ነው። ሐሳብ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ሰውነት ላላ ይላል። ልዩነቱ፣ ሴትየዋ ወደዚያ ሁኔታ በፈለገችው ሰዓት መግባት እንድትችል ለሳምንታት መለማመዷ ነው።

ትምህርቱ እንደ አስተማሪው ይለያያል። በጣም የታወቀው የአሜሪካዊቷ ማሪ ሞንጋን ዘዴ ሁለት ሰዓት ተኩል በሚፈጁ 5 ክፍለ ጊዜዎች ይሰጣል። ማኅፀን እንዴት እንደሚሠራ ይነገራል። ከእግር ጣት እስከ ግንባር ጡንቻን በየተራ ማላላት ይለመዳል። የሚወዱትን ቦታ በዓይነ ሕሊና መሳል አለ። ማታ ማታ ከመተኛት በፊት የሚደመጥ የተቀዳ ድምፅ አለ። ባልየው ወይም አብሯት የሚገባው ሰው ምን እንደሚል፣ መቼ ዝም እንደሚል፣ የት ላይ እጁን እንደሚያሳርፍ ይማራል። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ትንፋሹ ነው።

እስቲ ትንፋሹን ቀረብ ብለን እንየው። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ማስገባት። ከዚያ እስከ 8 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። አንዱ ዙር ወደ 12 ሰከንድ ይወስዳል። ምጥ ሲጠና አንዴ ያዝ ሲያደርግ ብዙውን ጊዜ ከ45 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይቆያል። ስለዚህ አንዱ ያዝታ አራት ወይም አምስት ትንፋሽ ነው። ከዚያ ይለቃል። «እስከ ነገ ጠዋት እንዴት እችለዋለሁ?» ብላ የምትጨነቅ ሴት አምስት ትንፋሽ ብቻ ብትቆጥር ሥራዋ ይቀንሳል። ምጡ ያው ምጥ ነው፤ የምትሸከመው ግን በቁርጥራጭ ይሆናል።

ሌላም ትንሽ ነገር አለች። ምጥ ሲመጣ የሰውነታችን የመጀመሪያ ምላሽ መጨበጥ ነው። እጅ ይጨበጣል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ጥርስ ይነከሳል። እነዚህ ቦታዎች ልጅ ከመውለድ ጋር ምንም ሥራ የላቸውም። ግን አቅም ይጨርሳሉ። አብሮ ያለው ሰው እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ «ልቀቂው» ሲላት፣ ያ ትከሻ ዝቅ እንዲል ቀድማ የተለማመደች ሴት ያለ ብዙ ማሰብ ትለቀዋለች። ያልተለማመደችው ግን ያን ሰዓት አዲስ ነገር የምትማርበት ትዕግሥት አይኖራትም።

የሐሳቡ አባት እና የኛ አያቶች

የሐሳቡ መነሻ ግራንትሊ ዲክ-ሪድ የሚባል እንግሊዛዊ የማኅፀን ሐኪም ነው። ወጣት ሐኪም ሳለ ለንደን ውስጥ ኋይትቻፕል በሚባለው የድሆች ሰፈር አንዲት ሴት ሊያዋልድ ይሄዳል። እንደ ወጉ ክሎሮፎርም የሚባለውን ማደንዘዣ ላሽትሽ ይላታል። አልፈልግም ትላለች። ወልዳ ስታበቃ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት አላመመኝም፣ ሊያምም ይገባው ነበር እንዴ የሚል መልስ ሰጠችው። ይህ መልስ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። እ.ኤ.አ. በ1942 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ በየትምህርቱ የሚጠቀሰውን ክብ አስቀመጠ። ፍርሃት ሰውነትን ይወጥራል። የተወጠረ ሰውነት የበለጠ ያማል። ሕመሙ ተመልሶ ፍርሃቱን ያሳድገዋል።

በዘመኑ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሴቶች ለብቻቸው ክፍል ውስጥ እየተተዉ፣ ምን እንደሚሆኑ ሳይነገራቸው፣ በመድኃኒት ደንዝዘው የሚወልዱበት ጊዜ ነበርና። ዲክ-ሪድ «አስረዷቸው፣ ብቻቸውን አትተዉአቸው» ማለቱ ያስመሰግነዋል።

ግን ሰውዬው ሌላም ነገር ያምን ነበር። «ያልሠለጠኑ» በሚላቸው ሕዝቦች ዘንድ ሴቶች በቀላሉ ይወልዳሉ፣ ፍርሃት የሥልጣኔ በሽታ ነው ይላል። በዚህ ስሌት የኛ ቅድመ አያቶች መሬት ላይ ተንበርክከው ያለ ጭንቅ ሲወልዱ የኖሩ ናቸው ማለት ነው። እነሱን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ቢጠይቃቸው ኖሮ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» እያለ የሚያድርበትን ሌሊት ይነግሩት ነበር። ድርሳነ ሩፋኤል ለምን እንደሚነበብ፣ ስለት ለምን እንደሚገባ፣ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትወጣ መንደሩ እንዴት ዝም እንደሚል ይነግሩት ነበር። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ከዲክ-ሪድ በኋላ ሐሳቡ ብዙ መልክ ይዟል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ላማዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ያየውን የሥነ ልቦና ዝግጅትና የትንፋሽ ዘዴ ወደ ፓሪስ አመጣ። ሞንጋን ደግሞ የዲክ-ሪድን ሐሳብ ከሂፕኖሲስ ጋር አጋብታ በ1989 መጽሐፍ አወጣች፣ ስያሜውም ከዚያ ወዲህ ገነነ። በዚህ ዘመን ወሬውን ወደ ተራው ሰው ያደረሰችው ግን የእንግሊዙ ልዑል ዊልያም ባለቤት ኬት ሚድልተን ሳትሆን አትቀርም። በ2020 በአንድ ፖድካስት ላይ በእርግዝናዋ ወራት ያስመልሳት የነበረው ከባድ ሕመም ወደ ሂፕኖበርዚንግ እንደመራትና በምጥ ጊዜ እንደተጠቀመችበት ተናግራለች።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ማኅፀን እንዲኮማተር የሚያዘው ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ነው። ሐኪም ቤት «የምጥ መርፌ» የሚባለውም የዚሁ ሆርሞን ሰው ሠራሽ ቅጂ ነው። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ አድሬናሊን ይለቀቃል። አድሬናሊን ለመሮጥና ለመታገል ያዘጋጃል እንጂ ለመውለድ አይደለም። መጠኑ ሲበዛ ምጥን ሊያዘገይ ይችላል። ሲመሽ ቤቷ ተፋፍሞ የነበረው ምጥ ሐኪም ቤት ስትደርስ ቀዝቀዝ ያለባት ሴት ይህን በደንብ ታውቀዋለች። አዲስ ቦታ፣ ነጭ መብራት፣ የማታውቀው ሰው። ሰውነት ሥራውን ያቆምና ዙሪያውን ይቃኛል።

በኖርዌይ 2,206 ሴቶችን ተከታትሎ በ2012 የወጣ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ምጥን አጥብቀው የሚፈሩት ሴቶች ምጥ በአማካይ 8 ሰዓት ገደማ ፈጀ። የማይፈሩት ወደ 6 ሰዓት ተኩል። ዕድሜ፣ የመጀመሪያ ልጅ መሆን አለመሆን፣ የተሰጠ መድኃኒትና ሌላውም ሁሉ ታስቦ ከተስተካከለ በኋላ እንኳ የ47 ደቂቃ ልዩነት ቀርቷል። ምጥ ላይ ላለች ሴት 47 ደቂቃ ብዙ ነው።

ሂፕኖበርዚንግ ራሱስ ሲፈተን? እዚህ ላይ ደጋፊዎቹ የማይወዱት ውጤት አለ። በዴንማርክ 1,222 የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ ሴቶች በዕጣ ተከፋፈሉ። አንደኛው ቡድን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ ራስን በሂፕኖሲስ ማረጋጋት ተማረ። ሌላው ተራ የመዝናናት ዘዴ። ሦስተኛው የተለመደው ክትትል ብቻ። ኢፒዱራል በሚባለው የጀርባ ማደንዘዣ አጠቃቀም ልዩነት አልተገኘም። በተሰማቸው ሕመምም አልተገኘም። በእንግሊዝ 680 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2015 የወጣው ጥናትም እንዲሁ ነው፤ ኢፒዱራል የወሰዱት ሂፕኖሲስ በተማረው ቡድን 27.9 በመቶ፣ በሌላው 30.3 በመቶ። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው።

በ2016 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚገመግም ተቋም 9 ጥናቶችን፣ 2,954 ሴቶችን አንድ ላይ አድርጎ አየ። ሂፕኖሲስ በጥቅሉ የሕመም ማስታገሻ ፍላጎትን ሊቀንስ ይችላል፤ ኢፒዱራልን ግን አልቀነሰም። በራስ የመውለድን ዕድል በግልጽ ከፍ እንደሚያደርግም አልታየም። የማስረጃው ጥራትም ከፍ ያለ አይደለም።

ታዲያ ምን ቀረ? አንድ ነገር ቀረ፣ እኔም ዋጋ የምሰጠው ለእሱ ነው። የዴንማርክ ሴቶች ከወለዱ በኋላ ሲጠየቁ፣ ሂፕኖሲስ የተማሩት ምጡን የተሻለ አድርገው ነው ያስታወሱት። የእንግሊዞቹም ከወለዱ ሁለት ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ፣ የተማሩት ቡድን ፍርሃቱና ጭንቀቱ አስቀድመው ከጠበቁት በታች ሆኖ አግኝተውታል። ሕመሙ አልቀነሰም፤ ሕመሙን ያሳለፉበት መንገድ ግን ተለየ። አራስ ቤት ያለች ሴት ያንን ሌሊት እንደ ውርደት ወይም እንደ ሞት አፋፍ ስታስበው እና «ከበደኝ ግን ተወጣሁት» ስትል፣ ለቀጣዩ እርግዝና ያላት ስሜት አንድ አይሆንም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ስላለ እዚህ ላይ ልጨምረው። አንዳንድ አስተማሪዎች «በትክክል ከተለማመድሽ አያምሽም» ይላሉ። ሴትየዋ ስታምጥ ያማታል። ከዚያ ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል። «በደንብ አልተነፈስኩም»፣ «አሉታዊ አሰብኩ» ትላለች። ኢፒዱራል ብትጠይቅ የወደቀች፣ ኦፕራሲዮን ብትሆን ያልተሳካላት ይመስላታል። ልጁ ተገልብጦ ሳለ ወይም የልቡ ምት ሲወርድ በመተንፈስ የሚመጣ ለውጥ የለም። የሚያድነው ኦፕራሲዮን ነው። ጥሩ አስተማሪ ይህን በመጀመሪያው ቀን ይናገራል።

የኛ ፍርሃት

እነዚህ ሁሉ ጥናቶች የተሠሩት ኢፒዱራል እንደልብ በሚገኝበት አገር ነው። ጥያቄያቸውም «ኢፒዱራል የምትፈልገውን ሴት ቁጥር ይቀንሳል ወይ?» የሚል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለምትወልድ ሴት ይህ ጥያቄ ትርጉም የለውም። የሚቀነስ ኢፒዱራል የለምና። ስለዚህ አንድ እጄ «ሌላ ምንም ለሌላት ሴት ትንሽም እርዳታ ትልቅ ነው» ይላል። ሌላው እጄ ደግሞ ይጠራጠራል። «ትንፋሽ አስተምረናታል» ተብሎ የሕመም ማስታገሻው ጉዳይ እንዳይረሳ እሰጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ ሁለቱንም አስቀምጧል። ማስታገሻ ለምትፈልግ ጤነኛ እናት ኢፒዱራልም፣ ማስታገሻ መርፌም፣ ትንፋሽና ጡንቻ ማላላትም፣ ማሸትና ሞቅ ያለ ነገር ማድረግም እንደ ምርጫዋ እንዲቀርቡላት ይመክራል። አንዱ በሌላው አይተካም።

ወደ ሁለቱ ፍርሃቶች እንመለስ። የመጀመሪያው በቡና ላይ የሚመጣው ነው። ሆዷ ገፋ ያለ ሴት ቡና ጠርታ የተቀመጠች ጎረቤት ዘንድ ስትገባ ወሬው ወዲያው ወደ ምጥ ይዞራል። «እኔማ ሦስት ቀን ነው ያማጥኩት።» «የኔዋ እህት እኮ ደሟ አልቆም ብሎ…» ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ሁሉም ያለፈበትን ይናገራል። በሰላም የወለደችው ግን የምታወራው ስለሌላት ዝም ትላለች። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ የምትሰማው የከፋውን ብቻ ነው። ለዚህኛው ፍርሃት የሂፕኖበርዚንግ ትምህርት ጥሩ መድኃኒት ነው። ሰውነቷ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ለሚያሟርት ወሬም ጆሮ መንሳት ትለምዳለች። አዲስ አበባ ውስጥ አቅም ያላቸው አንዳንድ ሴቶች ምጥ ሳይጀምራቸው ኦፕራሲዮን የሚጠይቁት በዚህ ፍርሃት ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ውሳኔያቸውን በእውቀት ቢያደርጉት ይሻላቸዋል።

ሁለተኛው ፍርሃት ግን በዓይን ከሚታይ ነገር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች አንጻር የሚሞቱት እናቶች 412 ነበሩ። በጤና ተቋም የተወለዱት ልጆች 26 በመቶ ብቻ። በ2019 ይህ ወደ 48 በመቶ አድጓል። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ብዙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጫማዋን የጨረሰችበት። ሆኖም እህቷን ወይም ጎረቤቷን በወሊድ ያጣች ሴት «አትፍሪ፣ ፍርሃት ሐሳብ ነው» ብትባል ልክ አይደለም። የምትፈራው የሆነ ነገር ነው። የዚህ መድኃኒቱ በሰዓቱ የምትመጣ አምቡላንስ፣ ደም ባንክ ውስጥ ያለ ደም፣ ሌሊት የማይጠፋ መብራት ነው።

በዚሁ በሁለተኛው ፍርሃት ውስጥ አሁንም አንድ ቀሪ አለ። ሴቶቻችን ከሞት ቀጥሎ የሚፈሩት አቀባበሉን ነው። ዘበኛው በር ላይ «አስታማሚ ውጪ» ይላል። እናትየዋ አጥሚት የያዘ ፔርሙዟንና ነጠላዋን ታቅፋ ደጅ ትቀራለች። ባልየው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ልጅቷ ለብቻዋ ትገባለች። የማታውቃት ሴት መርምራት «ገና ሦስት ሴንቲ ነሽ» ብላ ትሄዳለች፤ የማኅፀን በሯ የተከፈተው ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለቷ ነው። አጠገቧ ሌላ አልጋ አለ፣ እዚያም ሌላ ሴት ታምጣለች። ከጮኸች «ያኔ አልጮህሽም፣ አሁን ምን ያስጮህሻል?» የምትል አትጠፋም። ሁሉም አዋላጅ እንዲህ ናት ማለቴ አይደለም። እጇን ይዘው፣ ወገቧን እያሹ፣ ስሟን እየጠሩ የሚያዋልዱ ሲስተሮች በየጤና ጣቢያው አሉ፤ ብዙዎቹም አንድ ሌሊት ብቻቸውን ከአቅማቸው በላይ እናት ይዘው ነው የሚያድሩት። ግን አንዷ ክፉ ቃል ሰፈሩን ሁሉ ትዞራለች። ቀጣይዋ ሴት ቤቷ ለመቅረት የምትወስነው ያንን ሰምታ ነው።

እዚህ ላይ ከሂፕኖበርዚንግ የበለጠ ማስረጃ ያለው ነገር አለ፤ አብሮ የሚሆን ሰው። ኮክሬን በ2017 ከ17 አገሮች 26 ጥናቶችን፣ ከ15,800 በላይ ሴቶችን አይቶ፣ ምጥ ላይ ያለማቋረጥ አጠገባቸው ሰው የነበራቸው ሴቶች በራሳቸው የመውለድ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል፣ ኦፕራሲዮንና ማስታገሻ እንደሚቀንስ፣ ምጡም በጥቂቱ እንደሚያጥር አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እያንዳንዷ እናት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። የኛ ጤና ጣቢያዎች ይህን የማይፈቅዱበት ዋና ምክንያት ብዙ ጊዜ ክፍሉ ነው። ሁለትና ሦስት አልጋ ተደርድሯል፣ መሐላቸው መጋረጃ የለም፣ ወንድ ከገባ የሌላዋ ሴት ገመና ይታያል። ምክንያቱ እውነት ነው። ግን መጋረጃ ውድ ዕቃ አይደለም። ቢያንስ እናቷ ወይም እህቷ ብትገባስ? ገንፎና ቡና ጤና ጣቢያ ውስጥ እንዲዘጋጅ ተደርጎ እናቶች መምጣት እንደጀመሩ አይተናል። የእናቶች ማቆያም ተሠርቷል። መጋረጃ ከዚያ አይከብድም።

ድግምት ነው እንዴ?

ሂፕኖሲስ የሚለውን ቃል ሰምተው የሚደነግጡ አሉ። «አእምሮን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ነው»፣ «መንፈስ ይገባል» ይባላል። ሌሎች ደግሞ «በጭንቅ ትወልጃለሽ» የሚለውን የዘፍጥረት ቃል ያነሳሉ። ክርክሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ በክሎሮፎርም ስትወልድም ይኸው ጥቅስ ይነሳ ነበር። የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ደግሞ በ1956 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ያለ ሕመም ለመውለድ መዘጋጀት ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር እንደማይጋጭ አስረድተዋል።

በኛ በኩል ነገሩን ማቅለል ይቻላል። ቃሉ የማይመች ከሆነ ይቅር። ዝግ ባለ ድምፅ የሚደገም ጸሎት፣ ውዳሴ ማርያም፣ ዚክር፣ መዝሙር፣ ትንፋሽን እየሳቡና እየለቀቁ የሚደጋገም አንድ ስም፣ ሐሳብን አንድ ቦታ በመሰብሰብ ረገድ ከተቀዳው ድምፅ አይተናነሱም። ዓይኗን ጨፍና «እመቤቴ» እያለች በየትንፋሹ የምትደግም ሴት ሂፕኖበርዚንግ የሚለውን ስም ሰምታ አታውቅ ይሆናል። የምታደርገው ግን ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ውጭ አገር ለሚወልዱ ሴቶቻችን ይህ የበለጠ ይጠቅማል። ለንደን ውስጥ ብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ትምህርቱን ያዘጋጃሉ። ስዊድን ውስጥ የስደተኛ እናቶችን ቋንቋ የሚናገሩ፣ «ዱላ» (doula) የሚባሉ የምጥ አጋዥ ሴቶች ማዋለጃ ክፍል ድረስ አብረው ይገባሉ። ሆኖም የሚሰጠው የተቀዳ ድምፅ በእንግሊዝኛ፣ በስዊድንኛ ወይም በዕብራይስጥ ነው። ሥራ ቦታና መሥሪያ ቤት ስትጨነቅበት በምትውለው ቋንቋ ሰውነቷን ማላላት የሚከብዳት ሴት ብዙ ናት። ብልሃቱ ቀላል ነው። እናቷ ወይም አክስቷ በዋትስአፕ በራሳቸው አማርኛ ይቅዱላት። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ትከሻሽን ልቀቂው፣ በርትተሻል» የሚል የአምስት ደቂቃ ድምፅ። አዲስ አበባ ያለች እናት ቪዛ ባታገኝም ድምፅዋ ክፍሉ ውስጥ ይገባል።

ገንዘብ ሳይወጣ

ኮርስ የመክፈል ግዴታ የለም። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ማታ ስትተኚ 10 ደቂቃ በቂ ነው። በጎን ተኚ። 4 ቆጥረሽ አስገቢ፣ 8 ቆጥረሽ አስወጪ። ስታስወጪ ግንባርሽን፣ መንጋጋሽን፣ ትከሻሽን፣ መዳፍሽን በየተራ ልቀቂ። 8 ከበዛብሽ 6 ይሁን፤ ዋናው አወጣጡ ከአገባቡ መርዘሙ ነው። ባልሽ ወይም አብራሽ የምትሆነው ሴት ቁጭ ብሎ ይቁጠር። እሱም መለማመድ አለበት። ምጥ ላይ ደንግጦ «ምን ላድርግ? ምን ላድርግ?» የሚል ባል ከማንም በላይ ያስደነግጣል። ማዋለጃ ክፍል ስትገቢ ካልተከለከለ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ፣ ቁጭ በዪ፣ ተንበርከኪ፤ በጀርባ ተኝቶ መቆየት የግድ አይደለም። «በሰዓት አንድ ሴንቲ ካልከፈትሽ ችግር አለ» ቢሉሽ አትሸበሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ መለኪያ ለሁሉም ሴት እንደማይሠራና ዋናው የምጥ ጊዜ ከ5 ሴንቲ እንደሚጀምር ከገለጸ ቆይቷል።

ልብ በዪ ግን። «የመጀመሪያውን ምጥ ቤትሽ ተረጋግተሽ አሳልፊው» የሚለው የፈረንጆቹ ምክር ሆስፒታል ደጇ ላይ ላላት ሴት ነው። ቤትሽ ከጤና ተቋም ሩቅ ከሆነ፣ ወይም ዝናብ መንገዱን የሚቆርጠው ከሆነ፣ ቀድመሽ ማቆያ ግቢ። ከዚህ በፊት ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ በተለይ ከእውነታ የመውጣት ሕመም ያጋጠማት ሴት ሂፕኖሲስ ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ታማክር። ግርዛት ያለባት ደግሞ ትንፋሹን መለማመዷ ጥሩ ሆኖ፣ በእርግዝና ክትትሉ ጊዜ ጉዳዩን ለአዋላጇ ቀድማ ትንገራት። ጠባሳው ቀድሞ ሲታወቅ ዝግጅቱ ይለያል።

ደም ከፈሰሰ፣ ራስ ምታቱ ከጠና፣ ዓይን ብዥ ካለ፣ ሰውነት ከተንቀጠቀጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ የእንሽርት ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከሸተተ፣ ያን ጊዜ መቁጠር ይቁምና መኪና ይጠራ።

ክትትል በምትሄጂበት ቀን ደግሞ ስለ ደም ግፊትና ስለ አይረን ክኒን ከጠየቅሽ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሪ። «ምጥ ላይ ስሆን እናቴ ወይም ባሌ አጠገቤ መግባት ይችላሉ?» አይቻልም ካሉሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። መልሱ «መጋረጃ የለንም» ከሆነ፣ የሰፈርሽ እድር ሊያሰፋው ይችላል።